«የቱ ጋ ነው ያጠፋሁት?»፦ ስለ ምሪት ለተጻፈ አንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ስልኬ ጮኸ። ጓደኛዬ ናት። ባሏ ሆስፒታል ከተኛ ሁለተኛ ወሩን ይዟል፤ እሷ ኮሪደር ላይ ባለ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ታድራለች። የላከችልኝ አንድ ጽሑፍ ነው። ከሥሩ እንዲህ ብላለች፦ «አንብበውና ንገረኝ፤ የቱ ጋ ነው ያጠፋሁት?»

ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እግዚአብሔር በጨለማ ወቅት ልጆቹን እንዴት እንደሚመራ የሚያስተምር ነው። ሰው እየተቀባበለው ነው መሰለኝ፣ ከሌሎች ሁለት ሰዎችም ደርሶኛል። ጸሐፊውን አላውቀውም። ክፉ ሰው ግን አይመስለኝም፤ አጻጻፉ ያምራል፣ ጥቅስም ይጠቅሳል። ባጭሩ የሚለው ይህን ነው። ጨለማ ውስጥ ከገባህ ከመንገዱ የወጣህበት ቦታ አለና ወደ ኋላ ተመልሰህ ፈልገው። በትክክለኛው መንገድ ላይ መሆንህን በልብህ ሰላምና በተከፈተልህ በር ታውቃለህ። በኤርምያስ 29፥11 የተባለልህ መልካም ነገር ደጅህ ደርሷል፣ ዘንድሮን አያልፍም። እስከዚያው አታልቅስ፣ «ለምን» አትበል፣ በአፍህ ድልን ብቻ አውጅ። ደግሞ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት፣ አማካሪ ለአማካሪ አትንከራተት፤ ዝም ብለህ ጠብቅ፣ እሱ ይሠራል።

አምስት ነጥብ መሆኑ ነው። ሁሉም ውስጥ ትንሽ ትንሽ እውነት አለ፤ ችግሩም እሱ ነው። ሙሉ ውሸት ቢሆን ኖሮ ጓደኛዬ በዚያ ሰዓት ቁጭ ብላ ባላነበበችው።

ከመጀመሪያው ልጀምር፣ እሷን ያቆሰላት እሱ ስለሆነ።

ጨለማ የጥፋት ምልክት ነው የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። የኢዮብ ጓደኞች ቀድመውታል። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ተቀምጠው አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እስከዚያ ድረስ ጎበዞች ነበሩ! አፋቸውን ሲከፍቱ ነው ነገሩ የተበላሸው። «ንጹሕ ሆኖ የጠፋ ማን ነው?» አለ ኤልፋዝ። ንግግሩ ሲሰሙት ጥሩ ስብከት ይመስላል። በመጽሐፉ መጨረሻ ግን እግዚአብሔር የተቆጣው በኢዮብ ላይ ሳይሆን በኤልፋዝና በሁለቱ ባልንጀሮቹ ላይ ነው፤ ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም አላቸው። ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ሲያዩ መጀመሪያ የመጣላቸው ጥያቄ «ማን ኃጢአት ሠራ፣ እሱ ወይስ ወላጆቹ?» የሚል ነበር። ጌታ እሱም ወላጆቹም አይደሉም አለ። የሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱትን 18 ሰዎችም ከሌላው የከፉ አልነበሩም ብሏል።

ይህን ሁሉ ጸሐፊውም ያውቀዋል ብዬ እገምታለሁ። እኔን የገረመኝ ግን ኢሳይያስ 50፥10ን አለመጥቀሱ ነው። ለዚህ ጉዳይ ተብሎ የተጻፈ ነው የሚመስለው። ከመካከላችሁ እግዚአብሔርን የሚፈራ፣ የባሪያውንም ቃል የሚሰማ፣ ግን በጨለማ የሚሄድና ብርሃን የሌለው ማን ነው? ይላል። ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ሰውየው እግዚአብሔርን ይፈራል። ቃሉንም ይሰማል። እንደዚያም ሆኖ የሚሄደው በጨለማ ነው። ለዚህ ሰው «ተመልሰህ ጥፋትህን ፈልግ» አልተባለም። በእግዚአብሔር ስም መታመን፣ በአምላኩ መደገፍ ነው የተሰጠው። መደገፍ የሚለው ቃል ደስ ይለኛል። ሰው የሚደገፈው እግሩ ሲከዳው ነው፤ ደኅና የቆመ ሰው ምን ያስደግፈዋል? ቀጣዩ ቁጥር ደግሞ ጨለማው ሲያስጨንቃቸው የራሳቸውን እሳት ለኩሰው በዚያ ብርሃን ለሚሄዱ ሰዎች መጨረሻቸው ሥቃይ መሆኑን ይናገራል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው ነው። ጨለማ ውስጥ ሆነን በችኮላ የወሰንናቸውን ነገሮች መለስ ብለን ብንቆጥር ብዙዎቻችን እናፍራለን። እኔ አንድ ሁለቱን እዚህ አልጽፋቸውም።

እሺ፣ ጥፋት ጨለማ አያመጣም ማለት ነው? ያመጣል። ዳዊት ኃጢአቱን ደብቆ ዝም ባለ ጊዜ አጥንቱ እንዳረጀ በመዝሙር 32 ላይ ራሱ ተናግሯል። ነገር ግን እግዚአብሔር ጥፋትን ሲገልጥ እንዴት እንደሚገልጥ እዩ። ናታን ዳዊት ቤት ሄዶ «የሆነ ቦታ ሳታጠፋ አትቀርም፣ እስቲ አስብ» አላለውም። «ያ ሰው አንተ ነህ» ነው ያለው፤ ከዚያም የሠራውን አንድ በአንድ ነገረው። ዮናስም ማዕበሉ ሲነሣ በማን ምክንያት እንደመጣ ያውቅ ነበር፣ ለመርከበኞቹ የነገራቸውም እሱ ነው። የሚሸሽ ሰው መሸሹን ያውቃል። ስለዚህ አንድ የታወቀ ነገር ካለ ንስሐ ግባ፣ ጨርሰው፣ ተነሥ። የሌለ ነገር ለማግኘት ሌሊቱን ሙሉ የሕይወትህን ማኅደር እያገላበጥክ «ይሄ ይሆን? ያ ይሆን?» ማለት ግን ምርመራ እንጂ ንስሐ አይደለም። መርማሪውም እግዚአብሔር አይደለም።

ለጓደኛዬ ያን ሌሊት የመለስኩላት አንድ ቃል ነበር። «የትም።»

ወደ ሁለተኛው ልለፍ፦ የልብ ሰላምና የተከፈተ በር። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሥራ ስንቀይርም፣ ትዳር ስንይዝም፣ አገር ስንለቅም ብዙዎቻችን የምንለካው በዚሁ ነው። «ሰላም ተሰማኝ፣ በሩም ተከፈተ፣ ስለዚህ ከጌታ ነው።» ጉባኤ ላይ ምስክርነት ሲሰጥ ደግሞ የበለጠ ያምራል።

ዮናስን እንደገና እንጥራው። ነነዌ ሂድ ተባለ፣ ወደ ተርሴስ ሸሸ። ኢዮጴ ሲወርድ መርከብ አገኘ፤ ያውም ልክ እሱ ወደፈለገበት የሚሄድ! ሂሳቡንም ከፈለ፣ ገንዘብ አላጠረውም። ከዚህ በላይ የተከፈተ በር ከየት ይመጣል? ከዚያ ወደ መርከቡ ታችኛው ክፍል ወርዶ ለጥ አለ። ላይ መርከበኞቹ እየጮሁ ዕቃ ወደ ባሕር ይጥላሉ፣ እሱ እንቅልፉን ይለጥጣል። ጥንታዊው የግሪክ ትርጉም ጭራሽ ያንኮራፋ ነበር ይላል። በር አለው፣ ሰላም አለው፤ የሚሄደው ግን ከእግዚአብሔር ፊት ሸሽቶ ነው።

ጳውሎስን ደግሞ ተመልከቱት። በ2ኛ ቆሮንቶስ 2 ላይ ጢሮአዳ ደርሶ በር እንደተከፈተለት ይናገራል፤ «በጌታ» የተከፈተ በር ይለዋል። ግን የሥራ ባልደረባውን ቲቶን ስላላገኘው መንፈሱ ዕረፍት አጣ። ተሰናብቷቸው ወደ መቄዶንያ ሄደ። በጸሐፊው መለኪያ ይህን የምንፈታው እንዴት ነው? በሩ «ቆይ» ይላል፣ ልቡ «ሂድ» ይላል። ሁለቱ ምልክቶች ተጣሉ። ጳውሎስ ግን ያን ሁሉ ሳይፈታ በሚቀጥለው መስመር ምስጋና ይጀምራል።

ሌላም ቦታ አለ። ሐዋርያት ሥራ 16 ላይ ጳውሎስንና ጓደኞቹን በእስያ እንዳይሰብኩ መንፈስ ቅዱስ ከለከላቸው። ወደ ቢታንያ ሊገቡ ሞከሩ፣ እሱም አልሆነም። ሁለት በር ተዘግቶ ጢሮአዳ ወረዱ፤ ራእይ የታየው እዚያ ነው። «ወደ መቄዶንያ ተሻገር፣ እርዳን።» ወዲያው ተነሡ። እና የት ደረሱ? ፊልጵስዩስ። ተገረፉ፣ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ ወኅኒ ገቡ። ራእዩ ትክክል ነበር። ወኅኒውም በዚያው መንገድ ላይ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን ጌቴሴማኒ አለች። በምድር ላይ የአብን ፈቃድ ከማንም በላይ በትክክል ያደረገው ሰው በዚያች ሌሊት ሰላም አልተሰማውም። «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» አለ። ሦስት ጊዜ ያንኑ ጸሎት ጸለየ። ላቡ እንደ ደም ነጠብጣብ ወደ ምድር ይወርድ ነበር። ያን ሌሊት የሰላም ስሜት መለኪያ ቢሆን ኖሮ መስቀሉ ይቀር ነበር።

ለዚህ ነጥብ ጸሐፊው የጠቀሰው ቆላስይስ 3፥15ን ነው፤ የክርስቶስ ሰላም በልባችሁ ይግዛ የሚለውን። ዙሪያውን አንብቡት። «እርስ በርሳችሁ ይቅር ተባባሉ» ካለ በኋላ፣ በአንድ አካል የተጠራችሁለት ሰላም ነው የሚለው። ጉዳዩ ወንድምህን ይቅር ስለማለት ነው፣ ሥራ ስለመምረጥ አይደለም። ፊልጵስዩስ 4 ላይ ያለው አእምሮን ሁሉ የሚያልፍ ሰላምም እውነት ነው፣ እኔም ቀምሼዋለሁ። የተባለለት ሥራ ግን ልብንና አሳብን መጠበቅ ነው። ዘብ ነው በሉት። ዘበኛን መንገድ ጠቋሚ አድርጎ መቅጠር የኛ ፈንታ ሆኗል።

ታዲያ በምን ይመራል? ትሉኛላችሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

መዝሙር 119 ላይ ቃልህ ለእግሬ መብራት ነው ይላል። ለእግሬ ነው ያለው። የዚያን ዘመን መብራት አስቡት፤ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ የሸክላ ዕቃ፣ ትንሽ ዘይት፣ አንዲት ክር። ወለል አድርጋ መንደሩን አታሳይህም። ቀጥሎ እግርህን የምታሳርፍበትን ድንጋይ ታሳይሃለች። አንድ እርምጃ ከሄድክ ሌላ አንድ እርምጃ ይበራል። ቆመህ ስትጠብቅ ግን ያው ድንጋይ ላይ ነህ። ስለዚህ ለአምስት ዓመት የሚሆን ዕቅድ አልታየኝም ብሎ የሚጨነቅ ሰው መብራቱ የጠፋበት ላይሆን ይችላል፤ ዛሬ ማድረግ ያለበትን ካወቀ መብራቱ እየሠራ ነው። ዛሬ አለመዋሸት። ዛሬ የታመመውን ማጠብ። ዛሬ የቤት ኪራዩን ነገር ለአንድ ሰው አፍ አውጥቶ መንገር።

ዘኁልቁ 9 ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ዝም ብሎ የሚያልፈው ክፍል አለ። ደመናው ሲነሣ ይጓዛሉ፣ ሲቆም ይሰፍራሉ። አንዳንዴ አንድ ሌሊት ብቻ ቆሞ ጠዋት ይነሣል፤ አንዳንዴ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴ ወር፣ አንዳንዴ ከዚያም የበለጠ። ምክንያቱ አይነገራቸውም። ድንኳን ተክሎ ልጆች ይዞ ሁለተኛ ቀኑ ላይ «ንቀሉ» የተባለውን አባወራ አስቡት፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ምንም በሌለበት ሜዳ ላይ ወር ሙሉ የሰፈረውን። ሁለቱም እየተመሩ ነበር። መቆምም ምሪት ነው።

መዝሙር 23ንም ልብ ብላችሁ አታውቁ ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ዳዊት ስለ እረኛው ነው የሚያወራው። ያሳድረኛል፣ ይመራኛል፣ ነፍሴን መለሳት። «እሱ» እያለ ነው። የሞት ጥላ ሸለቆ ውስጥ ሲገባ ግን ንግግሩ ተቀየረ፤ «አንተ ከእኔ ጋር ነህና»። ለምለሙ መስክ ላይ ስለ እሱ ያወራ የነበረ ሰው ጨለማው ውስጥ ከእሱ ጋር ማውራት ጀመረ። ሸለቆው ለምን መጣ፣ መቼ ያልቃል፣ የሚል ማብራሪያ አልተሰጠውም። የተሰጠው «አንተ» ብሎ የሚጠራው እረኛ ነው። ከጸሐፊው ጋር የምንለያይበት ትልቁ ነገር ይህ ነው። እሱ ምሪትን እንደ መረጃ ነው የቆጠረው፤ ስለዚህ መረጃው ሲጠፋ ጥፋተኛ መፈለግ ግድ ሆነበት።

ሦስተኛው፣ ኤርምያስ 29፥11። እዚህ ላይ ረጅም ማውራት አያስፈልግም፣ አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ መመለስ ይበቃል። ምዕራፍ 28 ላይ ሐናንያ የሚባል ነቢይ ሕዝብ ፊት ቆሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ነገር ይመለሳል አለ። ሕዝቡ የሚፈልገውን ነበር የተናገረው። ኤርምያስ መጀመሪያ «አሜን፣ እንደዚያ ያድርግ» አለው፤ በኋላ ግን ሐሰት እንደተናገረ ነገረው። ሐናንያም በዚያው ዓመት ሞተ። ቀጥሎ ባለው ምዕራፍ የምናገኘው ኤርምያስ ባቢሎን ላሉት ምርኮኞች የላከውን ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ውስጥ ያለው ቁጥር 70 ዓመት ነው። ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ላላችሁባት ከተማ ሰላም ጸልዩ ይላል። የተወደደችው ጥቅስ የመጣችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ያን ደብዳቤ በ30 ዓመቱ የሰማ ሰው በሥጋው ወደ ኢየሩሳሌም አይመለስም፤ ይህን ስሌት ማንም ይሠራዋል። ተስፋው ውሸት ነው ማለት ነው? አይደለም። ግን ያ ሰው ሌላ ሰው የሚበላው ፍሬ ያለበትን ዛፍ ባቢሎን ላይ መትከል ነበረበት። «ዘንድሮን አያልፍም» የሚለው የጸሐፊው ቃል እውነቱን ለመናገር ከኤርምያስ ይልቅ ለሐናንያ ይቀርባል። ዘንድሮ ሲያልፍ ደግሞ ውሸታም የሚባለው ጸሐፊው ሳይሆን እግዚአብሔር ነው፤ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

አራተኛው። አታልቅስ፣ «ለምን» አትበል።

እንደዚህ ከሆነ መዝሙረ ዳዊትን ግማሽ በግማሽ ልንሰርዘው ነው። ኤርምያስ የተወለደበትን ቀን ረግሟል። ዕንባቆም መጽሐፉን የጀመረው «እስከ መቼ» ብሎ ነው። ኢዮብ ወደ ፊት ብሄድ የለም፣ ወደ ኋላ ብመለስ አላገኘውም ይላል፤ ግን እሱ የምሄድበትን መንገድ ያውቃል የሚለውን ቃል የተናገረው እዚያው ላይ ነው፣ በዚያው ትንፋሽ። እኔ መንገዱን አላውቅም፣ እሱ እኔን ያውቃል። ይህ ለቅሶ ነው ወይስ እምነት? ሁለቱም ነው።

መዝሙር 88 ደግሞ (በግዕዙ አቆጣጠር 87) ከሁሉም ይለያል። አብዛኞቹ የለቅሶ መዝሙሮች መጨረሻቸው ላይ ትንሽ ፀሐይ ይወጣል። ይሄ አይወጣበትም። በዕብራይስጡ የመዝሙሩ የመጨረሻ ቃል «ጨለማ» የሚለው ነው፤ እዚያው ላይ ያቆማል። የማን መዝሙር ነው? ኤማን የሚባል ሰው። ያውም ጓዳ ውስጥ የተደበቀ ማስታወሻ አይደለም፤ ከላዩ ለመዘምራን አለቃ የሚል ተጽፎበታል። በጉባኤ ይዘመር ነበር። እግዚአብሔር «ይህን አትዘምሩ፣ እምነት ያወርዳል» አላለም። መጽሐፉ ውስጥ አስገባው።

ሆስፒታሉ ጋ በማግስቱ ማታ ሄጄ ነበር። ጓደኛዬ አልጋው ጎን ሆና ስልኳን ወደ ፊቷ አስጠግታ ይህንኑ መዝሙር ለባሏ አነበበችለት። ድምፅዋ ሁለት ቦታ ላይ ተቆርጧል። ስትጨርስ ዓይኑን ሳይገልጥ «አለቀ?» አላት።

«አለቀ።»

ትንሽ ዝም አለና «እስቲ ድገሚው» አላት።

ከዚያ በፊት ሰው ሁሉ እየመጣ ድል ሲያውጅለት፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ነበር የሚያዞረው። ያን ማታ አላዞረም።

አንድ ነገር ልጨምር። እናት ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1997 ዐረፈች። ከዐሥር ዓመት በኋላ በ2007 ለንስሐ አባቶቿ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ታትመው ሲወጡ ዓለም ደነገጠ። ለአሥርተ ዓመታት ውስጧ ጨለማ ነበር። እግዚአብሔር እንደራቃት ይሰማት ነበር። በዚያው ጊዜ ግን ጠዋት ተነሥታ ትጸልያለች፣ ሊሞት ያለውን ታነሣለች፣ ታጥባለች። አንዳንዱ ሰው «አየህ፣ እምነት አልነበራትም» አለ። እኔ ደግሞ ስሜት ሳይደግፋት ያን ያህል ዓመት የሄደች ሴት ከእኔ የበለጠ ምሪት ታውቃለች እላለሁ። በነገረ መለኮት ብዙ ላንስማማ እንችላለን፤ እሱን ለሌላ ቀን።

የመጨረሻው ነጥብ አደገኛው ነው። አትንከራተት፣ ዝም ብለህ ጠብቅ። ጸሐፊው ሐኪምና አማካሪ ጋ መሄድን «የሥጋ ክንድ» ይለዋል። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል፤ ሰው ሊሞትበት ይችላልና።

ኤልያስ በክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ» አለ። ታላቁ ነቢይ፣ ከሰማይ እሳት ያወረደው። እግዚአብሔር ምን አደረገ? አልገሠጸውም። ስብከትም አልሰጠውም። አስተኛው። ከዚያ መልአክ ቀሰቀሰውና ትኩስ ቂጣና ውኃ አቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ለሁለተኛ ጊዜ ቀሰቀሰውና «መንገዱ ይበዛብሃልና ብላ» አለው። «ኤልያስ ሆይ፣ በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከአርባ ቀን በኋላ ነው። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ደግሞ እንቅልፍ። እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ ያስጠላው፣ ሞትን የሚመኝ ሰው ይህን ካነበበ በግልጽ ልንገረው፦ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገር፣ ሐኪም ጋ ሂድ። ይህ ከእምነት መውደቅ አይደለም። ጳውሎስ ከሐኪሙ ሉቃስ ጋር ነው የተጓዘው፣ ጢሞቴዎስንም ስለ ሆድህ ጥቂት ወይን ውሰድ ብሎታል። ዓለም የሚያውቀው ሰባኪ ስፐርጀን እ.ኤ.አ. በ1856 በሚሰብክበት አዳራሽ «እሳት!» ተብሎ ግርግር ተነሥቶ 7 ሰዎች ሞቱ፤ ገና 22 ዓመቱ ነበር፣ ልቡ ተሰበረ። ከዚያ በኋላም ከከባድ ድብርት ጋር ሲታገል ነው የኖረው፤ አልደበቀውም፣ ከመድረክ ይናገረው ነበር።

ደግሞ ሐዋርያት ሥራ 27ን ያላነበበ ሰው ስለ መጠበቅ ባይጽፍ ደስ ይለኛል። ለብዙ ቀን ፀሐይም ከዋክብትም አልታዩም። በዚያን ዘመን ለባሕር ሰው ይህ ማለት የት እንዳለህ አታውቅም ማለት ነው። መልአክ ግን ለጳውሎስ ተገልጦ ከአንተ ጋር ካሉት አንድም አይጠፋም ብሎታል። መርከቡ ላይ 276 ሰው አለ። ምሪት ከዚህ በላይ የለም። ታዲያ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ? በዐሥራ አራተኛው ሌሊት ጥልቀቱን በገመድ ለኩ። ጥቂት ሄደው ደግመው ለኩ፤ ቀንሷል። ድንጋይ ላይ እንዳይጋጩ ፈርተው ከኋላ በኩል አራት መልሕቅ ጣሉ። ከዚያ እንዲነጋ ጸለዩ። መርከበኞቹ በትንሿ ጀልባ ሊያመልጡ ሲሞክሩ ጳውሎስ ራሱ ለመቶ አለቃው እነዚህ እዚህ ካልቆዩ ልትድኑ አትችሉም አለው። መልአክ ያናገረው ሰው ነው እኮ ይህን የሚለው! ከዚያ እንጀራ ቆርሶ አመሰገነ፣ ብሉ አላቸው። በመጨረሻም መርከቡ ተሰበረ። መዋኘት የሚችል ዋኝቶ፣ ያልቻለ በሳንቃ ላይ ሆኖ፣ ሁሉም ወጡ። ቃሉ ተፈጸመ፤ በሳንቃ።

ጸሐፊው ልክ የሆነበት ቦታም አለ፣ አልክደውም። በጨለማ ጊዜ ከሰው ተለይተህ ብቻህን አትሁን ብሏል። ጸሎት ቢደርቅብህም ሰዓቷን አትተዋት ብሏል። ሁለቱም ሠርተውልኛል። እኔ ራሴ አንድ ዓመት ሙሉ ከአባታችን ሆይ ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣ ብሎኝ ያውቃል፤ እሷኑ እየደገምኩ ነው ያለፍኩት፣ አንዳንዴም መሀል ላይ እንቅልፍ እየወሰደኝ። ያንን ክፍል ለሌሎችም ልኬዋለሁ፤ የቀረውን ቆርጬ።

ወንድሜ፣ ይህ ከደረሰህ የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ሁሉንም ቀይር አልልህም። ያችን «ከመንገዱ የወጣህበት ቦታ አለ» የምትለዋን ዐረፍተ ነገር ብቻ አውጣት። ቦታዋ ባዶ እንዳይሆን ኢሳይያስ 50፥10ን እንዳለ አስገባው፤ ማብራሪያ አትጨምርበት። ጓደኛዬ ጽሑፍህን አልሰረዘችውም። ስልኳ ላይ አለ፤ ዛሬም እዚያው ኮሪደር ላይ ናት።